ከስንት ተነሳ?

የመምህርት አትጠገብን ማረፍ የነገረኝ ፈንታሁን ነው። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «ቲቸር አረፉ» አለኝ። አብረን የተማርን ልጆች «ቲቸር» ካልን ማንን ማለታችን እንደሆነ እርስ በርሳችን እናውቃለን፤ ሌሎቹ አስተማሪዎቻችን ስም አላቸው። «ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርጡለ ማርያም ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የምትጽፈው አንተ ነህ፤ እኔ ነኝ ለቤተሰቡ የጠቆምኩህ» አለና ዘጋው። ፈንታሁን ሲያዝን ስልክ መዝጋት ይቀናዋል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የምሠራ ሰው ነኝ። ብዕር የማነሳው የምርመራ ውጤት ለመጻፍ ነው። ቢሆንም እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ በዚያው ጠዋት መኪና ተሳፈርኩ። ሉማሜ ላይ ሾፌሩ ለሻይ ሲያቆም ከሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ ወረቀት አወጣሁ። የሕይወት ታሪክ አጀማመር በአገራችን የታወቀ ነው፤ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ ይባላል። እኔም «መምህርት አትጠገብ ይትባረክ ከአባታቸው ከመሪጌታ ይትባረክ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ፣ በ» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬ ቆመ። ዓመቱን አላውቀውም።

እዚያው ሻይዬ ፊት ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ቲቸር ያንን ባዶ ቦታ ቢያዩ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው የሳቅሁት። «ደሳለኝ፣ ከስንት ተነሳ?» ነበር የሚሉኝ።

ይህች ጥያቄ የእሳቸው ሰላምታ ነበረች ማለት ይቻላል። ኬሚስትሪ ነው ያስተማሩን፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው ከቴርሞሜትር አልፎ የትም ይሄድ ነበር። ገብስ ተወደደ ሲባል «ከስንት ተነሳ?» ይላሉ። ሁለት ልጆች ተደባድበው ቢቀርቡላቸው ማን መታህ፣ ማን ሰደበህ አይሉም፤ «ጠቡ ከስንት ተነሳ?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጆቹም ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሲሄዱ ነገሩ ከተሰረቀች እርሳስ ተነስቶ ይገኛል።

ትምህርት ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። ጠዋት ጠዋት የክፍሉ መስኮት ላይ ጤዛው ይረጋል። ቲቸር አጭር ሴት ናቸው፤ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው፣ ነጠላቸውን ከላይ ጣል አድርገው፣ በግራ እጃቸው ሰፊ የወንድ ሰዓት አስረው ይገባሉ። ድምፃቸው ከቁመታቸው ጋር አይገጥምም፤ ከበር ውጭ ሲናገሩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ልጅ ይነቃል። ስማቸው አትጠገብ ነው፤ ፈንታሁን ግን «እኔስ በመጀመሪያው ሳምንት ጠግቤያቸዋለሁ» ይል ነበር። ይህንን ያለው ልጅ ነው ዛሬ ሐዘኑ ስልክ የሚያዘጋው።

የነበረን ቴርሞሜትር አንድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሲያመጡት በአውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገው በእጃቸው ይዘውት እንደመጡ የመኪናው ረዳት ለከተማው አውርቷል። «ሴትዮዋ ተስለው ነው መሰል» ብሎ ነበር አሉ። ያንን ቴርሞሜትር ይዞ ውሃ ያማሰለ ወዮለት! ማማሰያው ሌላ፣ መለኪያው ሌላ ነው።

ሌላውን ዕቃ ከየቤታችን እንድናመጣ አዘዙን። የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ያለቀ ድንጋይ ሰበሰብን። እሳቸው እየፈለቀቁ ጥቁሩን አውጥተው ጣሉና ቆርቆሮውን ልባሱን አጥበው ሰጡን። «ዚንክ ማለት ይኼ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ይመስላችሁ ነበር፤ በየቤታችሁ ጥግ ተጥሎ ነው የኖረው» አሉ። በሞረድ ሞርደን፣ ሞርደን፣ ጣታችን እስኪላጥ ዱቄት አደረግነው። በሰማያዊ ውሃ ውስጥ፣ ኮፐር ሰልፌት በሟሟበት ውሃ ማለት ነው፣ ያንን ዱቄት ሲጨምሩበት ሰማያዊው እየገረጣ ይሄዳል፤ ከሥር ቀይ መዳብ ይዘቅጣል፤ ውሃውም ይሞቃል። እሳት የለም፣ ክብሪት የለም፣ ይሞቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቆውን በመዳፌ ስይዘው ደነገጥኩ። ሙቀቱን ያወጣው እኔ የሞረድኩት የአባቴ ሬዲዮ ድንጋይ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ኮራሁ።

መጽሐፉ ለዚህ ሥራ ሙቀት የማያሳልፍ ኩባያ ያዛል። እኛ ዘንድ የለም። ቲቸር አንድ ቀን ከቤታቸው የሚያምር የአለላ ሙዳይ ይዘው መጡ። ውስጡን በባዘቶ ጠቅጥቀው መሐሉ ላይ ብርጭቆውን ቀበሩት፤ ክዳኑን በወስፌ በስተው ቴርሞሜትሩን በቀዳዳው አሳለፉት። የእናታቸው ሙዳይ ነበር። ለስንት ዓመት የእናታቸው ማተብና የጆሮ ጉትቻ የተቀመጠበት ሙዳይ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። እሳቸው ያሉን «ሙዳይ ሥራው የከበረ ነገር መጠበቅ ነው። ሙቀቱን ይጠብቅልን» ብቻ ነው።

አንዱ ልጅ በየግማሽ ደቂቃው ቴርሞሜትሩን አንብቦ ይናገራል። ቲቸር ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከመስመሩ እኩል አድርገው፣ ራሳቸው ያዩና «ይጻፍ» ይላሉ። ጎበዝ አይሉም፤ እሰየው አይሉም። «ይጻፍ» የመጨረሻው ምስጋናቸው ነው። ይጻፍ የተባለ ቁጥር ደግሞ በላጲስ አይነካም። ተሳስተህ ከሆነ በላዩ አንድ መስመር ታሰምርና አጠገቡ ትጽፋለህ፤ ስሕተትህም ከነነፍሱ ይቀመጣል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ።

የመጀመሪያ ሪፖርታችንን ያቀረብን ቀን ቡድናችንን ወክዬ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከመነሻው ማን ይለካል ብለን ቴርሞሜትሩን ያስገባነው ዱቄቱ ከተጨመረ በኋላ ነበር። የደረሰበትን በትክክል አነበብን። የተነሳበትን ግን ከመጽሐፉ ገለበጥነው።

«ከስንት ተነሳ?» አሉኝ።

«ከሃያ አምስት፣ ቲቸር።»

«የት ደረሰ?»

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል።»

ወደ ክፍሉ ዞሩ። ልጆቹ ይጠቃቀሳሉ። ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እሰይ!» አሉ። «እኔ ሙቀት ይሰጣል ብዬ ያስተማርኳችሁ ነገር ብርድ ሰጪ ሆኖ ተገኘ! በሉ አጨብጭቡለት። ደሳለኝ ብርድ ሠርቷል፤ አገራችን ብርድ አንሷት ነበርና።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ስሜ «ብርድ ሠሪው» ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጣልኝ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ የመርዶውን ስልክ የደወለልኝ ሰው ነው።

ሳቁ ሲበርድ ቲቸር አልተቀመጡም። «ሃያ አምስቱን ከየት አመጣኸው?»

«መጽሐፉ ላይ አለ፣ ቲቸር። የክፍል ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ ነው ይላል።»

«የማን ክፍል?»

መጽሐፉን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ የማን እንደሆነ አይልም።

«እስቲ የለበስከውን ቁጠርልኝ።»

«ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ከላዩ ጋቢ።»

«ሃያ አምስት ዲግሪ ክፍል ውስጥ ጋቢ ለብሰህ ተቀመጥክ? ታመሃል እንዴ? ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱህ?»

እንደገና ተሳቀ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ግን አስቀሩኝ። ቴርሞሜትሩን ሰጡኝና በር ላይ ካለው የውሃ ባልዲ ውስጥ እንድነክረው አዘዙኝ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፤ አሥራ አንድ።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው እዚህ በር ላይ ቆሞ ያውቃል?» አሉኝ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አያውቅም።»

«አንተ ግን ተወልደህበታል። የአገርህን ብርድ የማያውቀውን ሰው ትጠይቃለህ? ደግሞስ ከአሥራ አንድ መነሳት ነውር ነው ያለህ ማነው?»

ማንም አላለኝም። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ነውር መስሎኝ ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት፣ የእኛ ጭቃ፣ የእኛ ብርድ በመጽሐፍ ውስጥ የማይገባ ነገር ይመስለኝ ነበር። ትክክለኛው ክፍል ሌላ ቦታ ያለ፣ የእኛው የተበላሸ ቅጂ መስሎኝ ኖሬያለሁ። በዚያ ባልዲ ላይ ጎንብሼ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የእኛም ውሃ ቁጥር እንዳለው ያወቅሁት። ደብተሬን አወጣሁ። ሃያ አምስቱ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩና አጠገቡ አሥራ አንድ ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ ተኩል ሲቀነስ አሥራ አንድ፣ ስምንት ተኩል። ሞቋል።

«ይጻፍ» አሉኝ። ጥቂት ቆዩና ደግሞ፣ «እኔም ኮሌጅ ሳለሁ ሃያ አምስት ጽፌ ኤ አግኝቼበታለሁ። ያቺ ኤ እስከ ዛሬ ትጎረብጠኛለች» ብለው ሄዱ።

ስለ ጎጃም የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሰምና ወርቅ ሳያነሳ አያልፍም። ቲቸርም የቅኔ መምህር ልጅ ናቸው፤ ቅኔን የሚያነሱት ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር። የአባታቸው የቅኔ ቤት ከመኖሪያቸው ጓሮ ስለነበር በልጅነታቸው ተማሪዎቹ ቅኔ ሲነግሩ ከውጭ ሆነው ይሰሙ ነበር። ቅኔ የሚነገረው አንድ ጊዜ ነው። ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ከመጣ መሪጌታ ይትባረክ አይቆጡም፤ «ይኼ ባለቤት አለው። ለባለቤቱ መልስና የራስህን ይዘህ ና» ብለው ይሸኙታል። ከዚህ የበለጠ ውርደት አልነበረም ይሉን ነበር ቲቸር። ከመጽሐፍ ቁጥር ገልብጦ የመጣ ልጅንም «ይኼ የሰው ቅኔ ነው፤ ለባለቤቱ መልስ» ይሉታል። የልጁ ጆሮ ይቀላል። እኛ ያልተማርነውን ቅኔ እንደዚህ አድርገን ተማርነው።

አንድ ቀን ፈንታሁን ደፍሮ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው። ይቆጣሉ ብለን ጠበቅን። ቲቸር ግን ሳቁ። «የተነሳሁበትን የጻፈው የለም፤ ስለዚህ ስንት እንደጨመርኩ አልነግርህም። የደረስኩበትን ግን ይኸው ታየዋለህ» አሉት።

ትምህርት ቤታችን ያኔ እስከ አሥረኛ ክፍል ነበር። ከአሥረኛ በላይ መማር የፈለገ ልጅ ስንቁን ቋጥሮ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ቤት ይከራያል፤ የማይችለው ደግሞ እዚያው ይቀራል። ሴቶቹ በአብዛኛው ይቀሩ ነበር። ርዕሰ መምህራችን አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ በተፈጥሮ ሳይንስ እንዲከፈትልን ለብዙ ጊዜ ሲያመለክቱ ቆይተው ከዞን ሦስት ሰዎች ሊያዩን መጡ። ያለ ቤተ ሙከራ አይፈቀድም ተብሏል። የነበረን ቤተ ሙከራ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ የተበሳ ሙዳይ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። ለእንግዶቹ ብለው የመጽሐፉን ውጤት በትልቅ ወረቀት አስጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል፤ ከሃያ አምስት ተነስቶ ሠላሳ አምስት፣ ጭማሪ አሥር። እንግዶቹ ሳይገቡ ቲቸርን ጠጋ ብለው፣ «እትዬ አትጠገብ፣ ውሃውን ቀድሞ ትንሽ ሞቅ ቢያደርጉትስ? ሃያ አምስት ላይ ቢነሳ ለዓይን ያምራል» አሏቸው።

«አሙቀን ከጀመርን የምድጃውን ሥራ ነው የምናሳያቸው» አሉ ቲቸር። «ልጆቹ የሞረዱት ዚንክ የራሱ ሙቀት አለው።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። አንባቢው እኔ ነበርኩ። ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ገባኝ። በየሙከራችን ጭማሪያችን ከስምንት ተኩል አልፎ አያውቅምና አንድ ተኩል ዲግሪ ብጨምር ማንም አያይም። ቴርሞሜትሩ ያለው በሙዳይ ክዳን ውስጥ ነው፤ ዓይኑን የሚያስጠጋው እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርት ቤቱም፣ የእኔም አሥራ አንደኛ ክፍል፣ የታናሽ እህቴም ነገ በዚያች አንድ ተኩል ዲግሪ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ!

«ከስንት ተነሳ?» አሉ ቲቸር።

«ከአሥራ አንድ።»

«ይጻፍ።»

ፈንታሁን የቲቸርን ሰዓት ይዞ ይቆጥራል፤ እኔ አነባለሁ። አሥራ ሦስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ስምንት ተኩል። አሥራ ዘጠኝ ተኩል ደረሰና ቆመ። ከዚያ ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል» አልኩ ጮክ ብዬ።

ቲቸር ጎንበስ ብለው ለማየት እንኳ አልሞከሩም። እዚያው በቆሙበት «ይጻፍ» አሉ። በሕይወቴ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ያንን «ይጻፍ» የሚያህል የለም።

ከእንግዶቹ ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ግድግዳችሁ አሥር ይላል። የእናንተ ስምንት ተኩል ነው። የቀረው የት ሄደ?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

ወደ ቲቸር አየሁ። «መስመሩን ወደ ኋላ መልሰው» አሉኝ። ይህን አስተምረውን ነበር። ዚንካችን የሞረድ ዱቄት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ እሱ ሠርቶ እስኪጨርስ ሙቀቱ በብርጭቆውና በቀዳዳው ይሾልካል። ስለዚህ እየበረደ የሚወርደውን መስመር በማስመሪያ ይዘህ፣ ዱቄቱ እስከተጨመረባት ደቂቃ ወደ ኋላ ትስበዋለህ። የበረደውን ተከትለህ ስትመለስ ምንም ባይሾልክ ይደርስበት የነበረውን ታገኛለህ። ሰሌዳው ላይ ቁጥሮቹን ተከልኩና መስመሩን ሳብኩት። ሃያ ተኩል ላይ አረፈ።

«ጭማሪው ዘጠኝ ተኩል ነው» አልኩ።

«ግማሽ ዲግሪ ትቀራለችኮ።»

«አዎ።»

«እሷስ የት ሄደች?»

ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል። «አላወቅናትም» አልኩ።

ሽማግሌው ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ አላየሁም። ወጥተው ሲሄዱ ሙዳዩን አንስተው ቀዳዳውን አገላብጠው አዩና በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡት። ርዕሰ መምህሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈጉኝ። በክረምቱ ማለቂያ ፈቃዱ መጣ፤ አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ብቻ። እኔ እዚያው ተማርኩ። እህቴም ከእኔ በኋላ እዚያው ተማረች። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው የግድግዳውን ወረቀት ቀደው ጣሉና የእኛን ቁጥር አስለጠፉበት። ስምንት ተኩላችን ከነጉድለቷ ለዓመታት እዚያ ግድግዳ ላይ ኖራለች። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ገብቼ አያት ነበር፤ ኩራቴን አልደብቅም።

እንግዲህ መርጡለ ማርያም ስደርስ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ቄስ ሙላት ሐዘንተኛ መሐል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰው ሸሸት ሲልልን ወረቀቴን አውጥቼ የትውልድ ዓመታቸውን ጠየቅኋቸው።

«መታወቂያዋ ላይ አንድ ዓመት አለ፤ የጡረታ ወረቀቷ ላይ ሌላ አለ» አሉኝ። «ሁለቱንም በግምት ነው የሞሉላት። አንተ 1950 ብለህ ጻፈው። ክብ ቁጥር ነው።»

ግድግዳው ሥር የተቀመጡት አክስታቸው እማሆይ ትርንጎ ቀና አሉ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ደኅና ነው። «የምን ሃምሳ! የበረዶው ዓመት ናት እንጂ! ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን። ገብሱ እንዳለ ተጨፈጨፈ። ስንዱ ምጥ ላይ ሆና እኔ በረዶውን በሰፌድ እየዛቅሁ ከደጅ እጥል ነበር። ልጅቱ ብርድ ላይ ነው የወደቀችው።»

«የበረዶው ዓመት ስንት ነው፣ እማሆይ?» አልኳቸው።

«ምኑን አውቄው ልጄ! በረዶው ቁጥር ይዞ አይመጣ!»

ቄስ ሙላት ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የበረዶው ዓመት ልትል ነው? የመሪጌታ ይትባረክ ልጅ እንደ ጥጃ በበረዶና በድርቅ ትቆጠር? ስማኝ፣ አንተ ልጅ። እታለም ናት ያሳደገችኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ጡት የተውኩም አልነበርኩ። ቀብሯን ካላሳመርኩላት ምኑን ወንድም ሆንኩ?» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የእኚህን ሰው ሐዘን በአንድ ቁጥር መጨመር ግፍ ሆኖ ተሰማኝ። ግን አፌን አልያዝኩም። «ቄሴ፣ 1950 እኮ የሰው ቅኔ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የአባታቸውን ቃል ከማያውቁት ሰው አፍ መስማታቸው ሳይሆን አይቀርም ያስገረማቸው። «እሷ ናት እንዲህ ያስተማረቻችሁ?» አሉ።

«አዎን።»

«የእናታችንንም ሙዳይ የበሳችው ለእናንተ ነው» አሉና ተነሱ።

ሌሊቱን ፍትሐት ቆመው አደሩ። እኔ በማግስቱ ጠዋት ታሪኩን ጽፌ ጨረስኩ፤ የዓመቱን ቦታ ባዶ ተውኩና ለቤተሰቡ ማረጋገጫ ብዬ ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ተመልሶ እጄ የገባው ከቀትር በኋላ፣ ሬሳው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከጽዱ ሥር ካረፈ፣ «አጭር የሕይወት ታሪክ ይነበባል» ከተባለ በኋላ ነው። ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ከየዓመቱ ያስተማሯቸው ልጆች መጥተዋል፤ ጺማቸው የሸበተ አሉ፣ ልጅ ያዘሉ አሉ። አብዛኞቹን አላውቃቸውም።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ባዶ የተውኩት ቦታ ላይ በቄስ ሙላት ጽሕፈት፣ በሚያምር በቁም ጽሕፈት፣ 1950 ተብሎ ተጽፏል።

ቄስ ሙላት ከሬሳው ራስጌ መስቀላቸውን ይዘው ቆመው ያዩኛል። እንደዚያ የታየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዞን ሰዎች በመጡ ቀን። ማንም አይጠይቀኝም። ማንም አያስጠጋም ዓይኑን። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«መምህርት አትጠገብ ይትባረክ» ብዬ ጀመርኩ፣ «ከአባታቸው ከመሪጌታ ይትባረክ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ፣ በረዶ ገብሱን በመታበት ዓመት፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ተወለዱ። ዓመቱ ስንት እንደነበረ የጻፈው የለም። እኛም አላወቅነውም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ምን አለ? አላወቅነውም አለ?» ሲሉ ሰማኋቸው። ቄስ ሙላት አቀረቀሩ። ቀጣዩን መስመር አጣሁት።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር፣ የፈንታሁን ድምፅ መጣ። በለቅሶ የሻከረ ድምፅ ነው።

«ይጻፍ!»

ከግራ በኩል አንዲት የማላውቃት ሴት፣ ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች፣ «ይጻፍ» አለች። ከቀኝ ሁለት ሦስት ወንዶች ተቀበሏት። ከዚያ ከየት ከየቱ እንደሆነ አላውቅም፤ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የማያውቁ፣ በአሥርና በሃያ ዓመት የሚበላለጡ ሰዎች፣ አንድ ቃል ከየአቅጣጫው ያነሱት ጀመር። የአገሩ ሰው ግራ ተጋብቶ ይዞራል። በዚህ ግቢ ውስጥ ቲቸር ያሳደጉት ሕዝብ ይህን ያህል መሆኑን ማንም አልቆጠረውም ነበር።

ጸጥታው ሲመለስ ቄስ ሙላት ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። ከቀሚሳቸው ኪስ ብዕር አውጥተው፣ ወረቀቱን በመስቀላቸው ጀርባ ላይ አስደግፈው፣ ራሳቸው በጻፉት ቁጥር ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ። አልፋቁትም፤ አሰመሩበት። ይህን ማን እንዳስተማራቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

«እንግዲህ ይጻፍ» አሉና መለሱልኝ። «ቀጥል፣ ልጄ።»

ቀጠልኩ።